ታሪም ለምን አልታጠፈም? ከደንገጎ ግርጌ የተከፈተ ክር

የውይይቱን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በውስጡ ካለው ስህተት የመጀመሪያውና ትልቁ የእኔ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ አትላሷን ጠረጴዛዬ ላይ ገልጣ ጣቷን ህንድ ላይ አሳረፈች። ህንድ እስያን ከደቡብ እየገፋች ሂማላያን እንዳነሳች አስተምሬያት ነበር። ጣቷ ወደ ሰሜን ተጓዘ። ቲቤት ከፍ ያለ ነው፤ ይሁን። ከቲቤት ማዶ ግን ታሪም የሚባል ሰፊ በረሃማ ሜዳ ተዘርግቷል። ከታሪም ማዶ ደግሞ ቲየን ሻን የሚባሉት ተራሮች እስከ 7,439 ሜትር ይደርሳሉ። ግፊቱ የመጣው ከደቡብ ከሆነ ሜዳውን እንዴት ዘለለው? የደወሉ ድምፅ ባይደርስልኝ ኖሮ ምን እመልስ እንደነበር እንጃ።

ማታ ጥያቄዋን የድሬ ልጆች ከውሃ ፈረቃ እስከ እግር ኳስ ሁሉን ወደሚያነሱበት የውይይት መድረክ ወሰድኩት። ጥያቄውን ብቻ ጽፌ ባቆም መልካም ነበር። እኔ ግን የራሴን ሐሳብ አከልኩበት፦ ተራራ የሚቆመው ግፊቱ በበረታበት ቦታ ነው፤ ወደ ሐረር ስንወጣ መኪናውን የሚያስጨንቀው የደንገጎ ዳገትም የዚሁ ዓይነት ግፊት ውጤት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ኋላ ላጠፋው አስቤ ተውኩት። ከሥሩ የተጻፈው ሁሉ የተነሣው ከእሱ ነውና።

1ኛው ምላሽ ከተራራ ጋር ጉዳይ አልነበረውም፤ ሳቢያን ሰፈር ውሃ መጥታ እንደሆነ ጠየቀ። 2ኛው በትሕትና ተስማማልኝ፤ ጠረጴዛ ላይ የተነጠፈ ጨርቅ ሲገፋ የሚጨማደደው ከእጅ አጠገብ ያለው እንደሆነ አስታወሰ። አመሰገንኩት። ደስታዬ ግን አሥር ደቂቃ እንኳ አልቆየም።

3ኛውን የጻፈው ለሲሚንቶ የሚሆን የኖራ ድንጋይ በሚወጣበት ካባ የሚሠራ ሰው ነው። ስለ ህንድ አንድም ቃል አልተናገረም። በከተማው ዙሪያ የሚበሳው የኖራ ድንጋይ ደንገጎ አፋፍ ላይ ከሚታየው ጋር አንድ እንደሆነ፣ ንጣፉ ግን እንደ ጨርቅ ተጨማዶ ሳይሆን በየደረጃው ተቆርጦ ወደ ታች ወርዶ እንደሚገኝ አስረዳ። የተገፋ መሬት ቢሆን ንጣፍ በንጣፍ ላይ ይወጣ ነበር፤ እዚህ ግን የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። የአፋር ወገን ሲሳብና ሲሰምጥ የደቡቡ ወገን በከፍታው ቀረ። ሐረር ከ1,850 ሜትር በላይ ተቀምጣ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ የተገኘችው በመገፋት ሳይሆን በመለያየት ነው። እንግዲህ ለዓመታት በክፍሌ መስኮት የማየው ዳገት እኔ ካስተማርኩት ጋር ሲጣላ ኖሯል ማለት ነው። በየቀኑ መሰርሰሪያ ይዞ ድንጋይ የሚታገል ሰው ሲያርም በጨዋነት ያርማል። ልቤ ቢያፍርም አልተከፋሁም።

የተከፋሁት በ4ኛው ነው። ጸሐፊው አዲስ አበባ የሚኖር የጂኦሎጂ ባለሙያ መሆኑን ገለጸና የካባውን ሰው ትክክለኛነት ካረጋገጠ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። ያልተጣራ ነገር ለተማሪ ከማስተማር ዝም ማለት እንደሚሻል፣ ግፊት በበረታበት ተራራ ይቆማል የሚለውም ለታሪም ጭምር የማይሠራ ሐሳብ እንደሆነ ጻፈ። የሚሠራው የትኛው እንደሆነ ግን አልነገረንም።

5ኛው ተቆጣው። ይህ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፤ በመድረኩ ላይ በዕድሜ የሚበልጠው የለም። በነጠላ የምጠራው ንቄ አይደለም፤ አንቱ ብለው የሚቀየም የድሬ ሰው ነው። ለጂኦሎጂስቱ በአንተ እየጠራ መለሰለት፦ እኛ ስለ ዳገቱ ለማወቅ ዲግሪ አላስፈለገንም፤ ከተማችንን የወለዳት እሱ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሀዲድ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱ ስላልተቻለ ከግርጌው ቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚያ ስለ አሮጌው ባቡር ፉጨት፣ ስለ ለገሀሬ ጣቢያና ስለ ከዚራ ጥላ ረጅም ትዝታ ቀጠለ። እሱን አልዘረዝረውም፤ የድሬ ሰው በቃሉ ያውቀዋል።

በ6ኛው ጂኦሎጂስቱ ተመለሰ፤ የመለሰው ግን ለባቡሩ አልነበረም። በማያውቀው ሰው አንተ ተብሎ መጠራቱ እንዳሳዘነው፣ እሱ ቢያንስ አንቱታ እንደሚገባው ጻፈ። ከ7ኛው እስከ 11ኛው ያለውን መገመት አያዳግትም። አንዱ ድሬ ውስጥ አያቱንም ከንቲባውንም አንተ እንደሚል ምሎ ጻፈ። ሌላዋ አንቱታ ድሬ ላይ የሚነገረው ለተጣሉት ሰው እንደሆነ አከለች። አንዱ ደግሞ ሰውየው ምክንያት አለው፣ ለእንግዳ ማሰብም ባህላችን ነው ሲል ለማስታረቅ ሞከረና ከሁለቱም ወገን ተሰደበ። ታሪም ተረሳ።

የመለሰን 12ኛው ነው፤ የጻፈችውም ተማሪዬ ናት። ስሟን አልገለጸችም፤ እኔ ግን ከአጻጻፏ አወቅኋት። ጥያቄ የጠየቀው ሰው አሁንም መልሱን እየጠበቀ እንደሆነ ብቻ አስታወሰች።

13ኛው ምላሽ ለክሩ የልብ ትርታ ሆነ። ጂኦሎጂስቱ ቁጣውን ውጦ ይሁን አብርዶ አላውቅም፣ ቁጭ ብሎ ጻፈ። ህንድና እስያ ከተጋጩ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፤ ህንድ ዛሬም በዓመት ከ4 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ወደ ሰሜን ትገፋለች። ሂማላያ ከዚህ ውስጥ የሚውጠው 2 ሴንቲ ሜትር ያህሉን ነው። የተረፈው ወደ እስያ ውስጥ ይገባል፤ እስያ ደግሞ ወጥ ሰሌዳ ሳትሆን የተለያየ ዕድሜና ጥንካሬ ያላቸው ቁርጥራጮች የተሰፉባት ደበሎ ናት። ታሪም ከእነዚያ ቁርጥራጮች አንዱ ነው፤ ያረጀ፣ የቀዘቀዘ፣ የጠነከረ። ቲቤት ለስላሳ ስለነበረች ተጨምቃ ወፈረች፤ ቅርፊቷ ዛሬ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፣ አማካይ ከፍታዋም ወደ 5,000 ሜትር ነው። ታሪም ግን አልታጠፍም አለ። ሳይታጠፍ ሲቀር ግፊቱን አላጠፋውም፤ እንደ በር መወርወሪያ ተቀብሎ ከኋላው ላለው አሳለፈው። ከኋላው ያለው ቲየን ሻን ደካማ ነበርና ታጠፈ። ፊሊፕ ኢንግላንድና ግሬግ ሃውስማን የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1985 በኮምፒውተር ስሌት አሳይተዋል፦ በለስላሳ አህጉር ውስጥ አንድ ጠንካራ ቁራጭ ሲያስቀምጡ የተራሮቹ ካርታ ከእውነተኛው ጋር መመሳሰል ጀመረ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ተራራን የገፊው ሥራ አድርጌ ነበር የማስተምረው። ለካ የተገፊው ጠባይም እኩል ጸሐፊ ነው! ገፊው ጉልበቱን ያመጣል እንጂ ተራራው የት እንደሚቆም የሚወስነው በአብዛኛው የደካማው ቦታ አቀማመጥ ነው።

14ኛው ከጭነት መኪና ሾፌር መጣ። ድንጋይ ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ሳለ አንዱን ጠንካራ ሌላውን ለስላሳ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ጠየቀ። በ15ኛው ጂኦሎጂስቱ ሙቀትን አስቀደመ። በቅርፊቱ ውስጥ የሚበዛው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ በዝግታ መፍሰስ ይጀምራል፤ ከቅርፊቱ ሥር ባለው፣ ማንትል በሚባለው ክፍል ውስጥ የሚገኘው ኦሊቪን ግን ከዚያ ከእጥፍ በላይ ይችላል። በድንጋዩ ውስጥ የተሰወረ ውሃም ያለሰልሰዋል። ከቢሊዮን ዓመታት በፊት ሙቀታቸውን የጨረሱት የአህጉራት ጥንታዊ እምብርቶች ሥራቸው እስከ 200 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ይወርዳልና የሚነቀንቃቸው ጥቂት ነው።

16ኛው የሾፌሩ መልስ ሲሆን ከክሩ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። አስፋልት ማለትህ ነው ሲል ጀመረ፤ ከዚያ በቃላቱ አሳየን። ድሬ ላይ በግንቦት ቀትር የቆመ ከባድ መኪና ጎማው አስፋልቱን እያጎደጎደ ይሰምጣል። ያው መኪና፣ ያው አስፋልት፣ ማታ ደንገጎን አልፎ ብርዱ ውስጥ ሲገባ ግን ምንም አይነካውም። ደግሞም ቀትር ላይ ቢሆን በፍጥነት ያለፈ ጎማ ምልክት አይተውም፤ የሚሰምጠው የቆመው ነው። ስለዚህ ጥንካሬ የዕቃው ብቻ ሳይሆን የሙቀቱና የጊዜውም እንደሆነ ተረድቷል። ጂኦሎጂስቱ በ17ኛው ከእሱ ማብራሪያ ይህኛው እንደሚሻል አመነ። ሾፌሩን አንቱ ብሎት ነበር፤ ሾፌሩ ምን አጠፋሁ ሲል ጠየቀ።

ከዚህ በኋላ መጋላ ውስጥ ፈጢራ የምትጋግር ሴት ገባች፤ 18ኛዋ ናት። ከትናንት የተረፈ የደረቀ ሊጥ ቁራጭ በትኩስ ሊጥ መካከል ቀብራ በእንጨት ከአንድ ወገን ገፋችው፤ ፎቶውንም ለጠፈች። ከእንጨቱና ከደረቁ ቁራጭ መካከል ያለው ሊጥ አብጧል። ደረቁ ቁራጭ እንዳለ ሆኖ ወደ ፊት ተንሸራትቷል። ከፊቱ ያለውም ሊጥ ተጨማዶ ተነሥቷል። ቲቤት፣ ታሪም፣ ቲየን ሻን፤ በዱቄት! ፎቶውን ማግስቱን ለክፍሌ አሳየሁ፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ጸጥታ ነበር፤ ከዚያ የራበው ተማሪ ተናገረ።

19ኛው ምላሽ የጂኦሎጂስቱ ነው፤ አድናቆቱ ባይጠፋም እርማቱ ስለታም ነበር። ሊጡ ከጠረጴዛው ጋር ተጣብቋል፤ አህጉር ግን ከሥሩ በዝግታ በሚፈስ ማንትል ላይ ነው ያለው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ለላይኛው ቅርፊት ደረቅ አሸዋ፣ ለታችኛው የሲሊኮን ሊጥ፣ ለማንትል ደግሞ ማር ወይም ወፍራም ሽሮፕ ይጠቀማሉ። ሴትዮዋ በ20ኛው የአሁኑን የማር ዋጋ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያ እስከ 23ኛው ድረስ ስለ ማር፣ ማር ከስኳር ስለሚቀላቅሉና የንጹሑ ማር መለያ ክብሪት ነው ወይስ ውሃ ስለሚለው ሙግት ተጻፈ። እኔም አንድ ምላሽ ጽፌያለሁ፤ በውሃ የሚለው ወገን ነኝ።

በ24ኛው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጠለቅ ያለ ነገር አነሣ፤ የአህጉሩ ጥንካሬ ያለው በቅርፊቱ ውስጥ ነው ወይስ ከሥሩ ባለው የማንትል ክፍል? ጂኦሎጂስቱ በዚህ ላይ ሊቃውንቱ ራሳቸው እንደተከራከሩ ገለጸ። የቆየው አስተሳሰብ ማርማላታ የተቀባ ዳቦ ይመስላል፦ ላይኛው ቅርፊት ጠንካራ፣ መካከሉ ለስላሳ፣ ከሥሩ ያለው ማንትል ደግሞ ጠንካራ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጀምስ ጃክሰን ይህ ይቅር አለ፤ ጥንካሬው ቅርፊቱ ውስጥ ነው፣ ከሥሩ ያለው ማንትል ደካማ ነው። ይኸኛው ወገን ከላዩ ስኳር ተቃጥሎ በጠነከረ ክሬም ተመሰለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ኤቭጌኒ ቡሮቭና አንተኒ ዋትስ ማንትሉ ያን ያህል ቢደክም ኖሮ ትልልቅ ተራሮችን ለረጅም ዘመን ተሸክሞ መቆየት አይቻልም ነበር ሲሉ ለዳቦው ተሟገቱ። የፈጢራዋ ሴት ወዲያው በ25ኛው ብይን ሰጠች። ፈጢራ ከላይም ከታችም የተጠበሰ፣ መካከሉ እንቁላል ስለሆነ ድምፅዋ ለዳቦው ወገን ነው። ከክሩ ሁሉ ብዙ ድጋፍ ያገኘው ይህ ብይን ነው፤ በሳይንስ አይደለም፣ በሆድ።

ድምፁ የተለወጠው በ26ኛው ነው። አንዲት እናት በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲናወጥ፣ መለኪያው 5.7 የደረሰ ዕለት ልጆቿን ይዛ የወጣችበትን ሌሊት አስታወሰችና እኛ የተቀመጥነው ጠንካራው ላይ ነው ወይስ ደካማው ላይ ብላ ጠየቀች። አንዱ በ27ኛው ድሬ የተሠራችው በድንጋይ ላይ ስለሆነ አትፍሪ ሲል አጽናናት። ጂኦሎጂስቱ በ28ኛው እንዲህ ያለውን ማጽናኛ በጭራሽ አልወደደውም። ሲቹዋን የሚባለውን የቻይና ሜዳ ጠቀሰ። እሱም እንደ ታሪም ጠንካራ ነው። ከቲቤት የሚመጣው ምድር ወደ እሱ ገብቶ ማጠፍ ስላቃተው ጠርዙ ላይ ተከምሮ ሎንግመን ሻን የሚባለውን ግድግዳ የመሰለ ተራራ ሠራ፤ ከ500 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚያ ጠርዝ ላይ የተለካው እንቅስቃሴ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2008 በመለኪያ 7.9 ተናወጠ፤ ወደ 70,000 ሰው ሞተ። ስለዚህ የሚጠየቀው ጠንካራ ላይ ነን ወይስ ደካማ ላይ ሳይሆን ከሁለቱ መገናኛ ምን ያህል እንርቃለን፣ ቤታችንስ እንዴት ተሠርቷል የሚለው ነው። ድሬ ደግሞ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናት። እናትየው አመሰገነችው። እኔ ብሆን አነጋገሩን ትንሽ አለዝበው ነበር፤ ነገሩን ግን አልለውጠውም።

29ኛው የሐረር ሰው ነው። ድሬዎች ስለ ወደቀ መሬት ሲያወሩ ያልወደቀው ላይ የተቀመጡትን ለምን እንደማይጠይቁ በመገረም ጀመረ። ቀጥሎ ግን ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ፤ ባቢሌ መንገድ ላይ፣ ዳካታ ሸለቆ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው ሊወድቁ የደረሱ የሚመስሉት የግራናይት ድንጋዮች ከየት መጡ? እዚህ አገር እውነተኛ የግጭት ተራራ ኖሮ ያውቃል? የመለሰለት የካባው ሰው ነው፤ በ30ኛው። ኖሮ ያውቃል። ከ500 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ጎንድዋና የሚባለው የጥንት ታላቅ አህጉር ቁርጥራጮች ሲገጣጠሙ፣ ከዓረቢያ እስከ ሞዛምቢክ የሚዘረጋ ረጅም የተራራ ሰንሰለት ነበር። ታጥቦ አለቀ፤ ቀጥ ባለው መሬት ላይ አሸዋ ተነጠፈ፤ ባሕር ገብቶ እሱ ዛሬ የሚበሳውን የኖራ ድንጋይ አስቀመጠ። የባቢሌ ግራናይት የዚያ ተራራ ሥር ነው። ሐረሬው በ31ኛው ተራራውም የሐረር እንደነበር ስለተረጋገጠለት አመሰገነ።

የባቡሩ ጡረተኛ በ32ኛው ከቀልዱ አወጣን። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ የት እንደነበረ ጻፈ። ከተማው ውስጥ ዝናቡ እንደ ጎርፉ አልነበረም፤ ውሃው የመጣው ከዳገቱ ነው። ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። መሬቱ ተሳበም ተገፋም ለእሱ ያው እንደሆነ፣ ቁልቁለቱ ግን ያው እንዳልሆነ ተናገረ። ለአንድ ሰዓት ያህል ከዚያ በታች የጻፈ አልነበረም።

ዝምታውን የሰበረችው ተማሪዬ ናት፤ 33ኛው። የአፍሪካን ካርታ አይታ ኖሮ፣ ስምጥ ሸለቆው ወደ ደቡብ ሲወርድ ለምን ሁለት ቅርንጫፍ እንደሚሆን፣ አንዱ በኬንያ ሌላው በታንጋንይካ ሐይቅ በኩል፣ የቪክቶሪያ ሐይቅ ያለበት መካከሉም ለምን እንዳልተሰነጠቀ ጠየቀች። መካከሉ የአፍሪካ ታሪም ይሆን? ጂኦሎጂስቱ በ34ኛው አዎን አለ፤ የታንዛኒያ ጥንታዊ እምብርት ይባላል፤ ስምጡ ሊሰብረው አልቻለምና በሁለት ወገን ዞረው። ሲገፋም ሲሳብም መሬት ደካማውን ቦታ ይፈልጋል። አንድ ነገርም ጨመረላት፤ ቲቤት ራሷ ከመወፈሯ የተነሣ ክብደቷን መሸከም አቅቷት በአናቷ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርዱ ትንንሽ ስምጥ ሸለቆዎች ተከፍተዋል። በተገፋ ምድር ላይ የተሳበ ምድር! ይህንን ለፈተና እንዳታወጣው ሲል ለእኔ አስጠነቀቀኝ። አንቱ ሳይለኝ ነበር፤ እኔ ልብ አልኩ፣ ዝም አልኩ።

ጡረተኛው ግን ዝም አላለም። በ35ኛው፣ ሰውየው ድሬ ከመጣ ለገሀሬ አጠገብ እንደሚጠብቀው፣ ደንገጎ ድረስም ሾፌሩ እንደሚያደርሳቸው ጻፈለት። 36ኛው አጭር ነው። ጂኦሎጂስቱ ለአረጋዊው እንደሚመጣ ነገረውና መዶሻውን ራሱ እንዲይዝ ወይስ አንተ ጋ ይኖር እንደሆነ ጠየቀው።